የቆይብቻ ዋስ

ለሰው ዋስ ሆኖ የተንገላታ ሰው ሞልቷል፤ ምናልባትም ከእናንተ መካከል አንዱ ይኖራል። እኔ ግን ዋስ የሆንኩት ለውሻ ነው። ክሱም ቀላል አልነበረም፤ ነፍስ ማጥፋት ነው። ሟቾቹ ሦስት ግልገሎች፣ ተከሳሹ ቆይብቻ የሚባል ቡናማ ውሻ፣ ከተረጋገጠበት ደግሞ ፍርዱ ሞት። ማን ግባ አለህ እንዳትሉኝ። ማንም አላለኝም። አፌ ነው ያስገባኝ።

ነገሩ የሆነው አሶሳ ውስጥ፣ ክልሉ ገና አዲስ በነበረበት ጊዜ ነው። ለመሥሪያ ቤታችን ማህተሙ ቀድሞ ደርሷል፤ ወንበሩ ግን መንገድ ላይ ነበር። ለአራት ባለሙያ ሁለት ወንበር ስለነበረን ሁለታችን ስንቀመጥ ሁለታችን መስክ እንወጣለን። የዚያን ዓመት ሪፖርታችን ላይ የመስክ ሥራ ከዕቅድ በላይ መከናወኑን ያነበበ ሰው ቢኖር ምሥጢሩ ይኸው ነው።

እኔ የተማርኩት ስለ ንብ ነበር። ከጎጃም ተመድቤ ስመጣ ግን ክፍት ሆኖ የተገኘው መደብ የዱር እንስሳት ባለሙያ የሚለው ነው። ኃላፊያችንን «ጌታዬ፣ እኔ እኮ የማውቀው ንብ ነው» ብላቸው ከሲጋራቸው ቀና ሳይሉ፣ «ንብስ የምትኖረው ዱር አይደለም?» አሉኝ። እንዲህ ሆኜ የዱር እንስሳት ባለሙያ ሆንኩ።

በዚህ ሹመቴ ላይ ሳለሁ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። የጻፈችው አንዲት የዩኒቨርሲቲ ዶክተር ናት። በምዕራቡ ቆላ ውስጥ ያሉትን ቀበሮዎችና ተኩላዎች ታጠናለች። እንስሳቱን መያዝ አያስፈልግም፤ ጥለውት የሚሄዱት ነገር ይበቃል። ከአንጀታቸው ግድግዳ የተላጠ ቅንጣት አብሮ ስለሚወጣ፣ ከእናትና ከአባት የተወረሰው የዘር ምልክት እዚያ ውስጥ ይገኛል። ምልክቱ ውጭ አገር ባለ ላብራቶሪ ተነቦ ቀበሮ ይሁን ተኩላ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ስንት እንደሆኑና ማን ከማን እንደሚዛመድ ይታወቃል። ስለዚህ «ክቡርነትዎ ናሙና ሰብስበው እንዲልኩልኝ» ትላለች። ክቡርነትዎ የተባልኩት በሕይወቴ ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ለምን ሥራ እንደሆነ ደግሞ አያችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። አማርኛ በዚህ ጉዳይ ንፉግ አይደለም። የከብቱ እበት ነው፣ የፈረሱ ፋንድያ፣ የፍየሉ በጠጥ፣ የዶሮዋ ኩስ። ለቀበሮ ግን ስም የሚያወጣለት ሰው አልተገኘም። በደብዳቤ ላይ የሚጻፍ ጨዋ ስም ፍለጋ ግማሽ ቀን ከቆየሁ በኋላ ክሊኒክ ውስጥ እንደሚጻፈው «ዓይነ ምድር» አልኩት። የጽሕፈት መኪና የምትመታው ልጅ ደብዳቤውን ጽፋ ስትሰጠኝ በሐዘኔታ አይታኝ፣ «ወንድሜን ያዳነው መድኃኒት አለ፤ ስሙን ልንገርህ?» አለችኝ።

እንግዲህ ናሙና ፍለጋ ከአሶሳ ወጣ ብሎ፣ በደርግ ጊዜ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ከሚኖሩባቸው በቁጥር ከሚጠሩ መንደሮች ወደ አንዱ ሄድኩ። ከመንደሩ ማዶ፣ ትንሽ ወንዝ ተሻግሮ፣ የበርታዎች መንደር አለ። ሁለቱ መንደሮች በአንድ ወንዝ ይጠጣሉ፣ በአንድ ገበያ ይገበያያሉ። የዚያን ቀን ግን ስደርስ ሁለቱም መንደር ማንጎ ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ፊቱን አጥቁሮ ተቀምጧል።

ከሳሿ ሐዋ የምትባል የበርታ ሴት ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ከጥቂት ፍየሎቿ በቀር ሌላ የሌላት። ሦስት ግልገሎቿ በየተራ ተበልተውባታል። ስለ እሷ የሚናገሩት የመንደሯ ሽማግሌ ሼህ ኢድሪስ ናቸው። ተከሳሹ ቆይብቻ ከዛፉ ግንድ ጋር ታስሮ ያዛጋል። አጠገቡ ባለቤቱ አባ ይመር፣ ፎጣቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ከውሻው ይልቅ እሳቸው የታሰሩ መስለው ተቀምጠዋል።

«ሐዋ ባል የለውም» አሉ ሼህ ኢድሪስ፣ ሴቱንም ወንዱንም አንድ በሚያደርገው የበርታ አማርኛቸው። «ፍየል ብቻ ነው ያለው። ሦስት ግልገል ሄደ። ይሄ ውሻ እዚያ ሲዞር ሰው አይቶታል። ወላሂ፣ አራተኛውን አንጠብቅም።»

«ኧረ ሼህ፣ ቆይብቻ እንኳን ግልገል ሊበላ ዶሮ ሲያይ መንገድ ይለቃል!» አሉ አባ ይመር።

«ስሙ ማን ነው?»

«ቆይብቻ።»

«ሰማችሁ?» አሉ ሼህ ኢድሪስ ወደ ሰዉ ዞረው።

እውነትም ስሙ አላገዘውም። እናንተ ግን ታውቃላችሁ፤ በአገራችን ለጎረቤት ፊት ለፊት የማይነገረውን በውሻ ስም እየጠሩ መልቀቅ የቆየ ዘዴ ነው። አባ ይመር ስሙን ያወጡት በእርሻ ድንበር ከተጣሉት ጎረቤታቸው ጋር ለመነጋገር ነበር። ጎረቤትየው ወደ ባምባሲ ከሄደ ቆይቷል፤ ዛቻው ግን ከውሻው ላይ ቀረ።

ሸንጎው ወደ ፍርድ ሲያዘነብል አባ ይመር ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ከወሎ ስንመጣ ሰባት ነበርን። አሁን ያ ቤት ውስጥ የሚተነፍሰው እኔና እሱ ብቻ ነን» አሉ። ለማንም አልነበረም የተናገሩት። እኔ ግን ሰማሁ። እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ደግሞ አፌ ይከፈታል።

ብድግ አልኩ። ሳይንስ የሚባል ነገር እንዳለ፣ ግልገሎቹ ከተበሉበት ቦታ የተገኘውን ናሙና ብልክ በልተው የሄዱት እነማን እንደሆኑ በወረቀት ተጽፎ እንደሚመጣ፣ ይህ ሳይንስ ደግሞ ፈጽሞ እንደማይሳሳት ተናገርኩ። ስለ ሳይንሱ የማውቀው በዶክተሯ ደብዳቤ ላይ ያነበብኩትን አንድ ገጽ ነበር።

«ያኒ፣ ማለት ዘሩን ይቆጥራል?» አሉ ሼህ ኢድሪስ።

«በትክክል!»

«እስከ ስንት አያት?»

ይህን ዶክተሯ አልጻፈችም። «እስከሚያስፈልገው ድረስ» አልኩ። በዚያ ሰሞን የሚሞላ ቅጽ ሁሉ ዘር ይጠይቅ ስለነበር የቀበሮ ዘር መጠየቁ ማንንም አልገረመም።

ሐዋ ወደ እኔ ዞረች። «ወረቀቱ ግልገል ይመልሳል?» አለች።

አይመልስም። እሱን ለማለት ግን ድፍረት አጣሁ። ሼህ ኢድሪስ አዳኑኝ።

«ወረቀቱ መቼ ይመጣል?»

«በአንድ ወር» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት ዛሬም አላውቅም።

«እስከዚያ ውሻው እዚህ አይቆይም። ዋስ ይጥራ።»

ሁሉም አባ ይመርን አየ። አባ ይመር እኔን አዩ። እኔም ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ፤ ከኋላዬ ያለው ማንጎ ብቻ ነው። እንዲህ ሆኜ ዋስ ሆንኩ። ውሉም ግልጽ ነበር፦ ውሻውን ከተማ ወስጄ አስቀምጣለሁ፤ ወረቀቱ ቀበሮ ካለ ቆይብቻ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ውሻ ካለ ግን በገመድ ስቤ፣ በራሴ እጅ፣ እዚያው ማንጎ ሥር አስረክባለሁ። አባ ይመር ገመዱን ሲሰጡኝ፣ «ሽሮ አይወድም፣ ልጄ» አሉ።

በዚያው ግልገሎቹ የተበሉበትን ሣር እያሰስኩ ሰባት ናሙና ለቀምኩ። ሁለቱም መንደር ሥራ ፈትቶ ተከተለኝ። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ክራቫት አስሮ፣ ቁጥቋጦ ሥር በአራት እግሩ ሲሄድና ያገኘውን ሁሉ በደስታ ሲያነሳ አይተው አያውቁም። ሰባተኛው በተለይ አኮራኝ፤ ትልቅ ነው፣ ቅርፁም ያማረ ነው። ከቆይብቻም ለማነጻጸሪያ ፀጉር ከነሥሩ ነቀልኩ። ውሻው አልነከሰኝም። ይልቅስ ከዋሱ ይህን አልጠበቀም ነበር መሰለኝ፣ ቅር ብሎት አየኝ።

ዶክተሯ ናሙናው ደርቆ በትንሽ ካርቶን ይደረግ ብላለች። ክሊኒክ ታዞ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር በምን እንደሚያዝ አይጠፋውም፤ በክብሪት ቀፎ። ስምንት ቀፎ አዘጋጅቼ፣ ቁጥር ጽፌ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደርኩ። ጠረጴዛዬ ስል የአራታችንን ማለቴ ነው።

ኃላፊያችን ሲጋራቸውን በአፋቸው እንደሰኩ ገቡ። ክብሪት ፈለጉ። ክብሪት ሞልቷል። እኔ «ጌታዬ!» እስክል አራተኛውን ቀፎ ከፍተው ሁለት ጣታቸውን ጨምረዋል። ለትንሽ ጊዜ በጣታቸው ፈተጉት፣ ከዚያ አዩት፣ ከዚያ አሸተቱት። «ምንድን ነው?» ሲሉኝ እውነቱን ነገርኳቸው። የዚያን ዕለት ስብሰባ አልተካሄደም። ወዲያው ሲጋራ አቆሙ ብላችሁ ደስ ባለኝ፤ አላቆሙም፣ ላይተር ገዙ።

መዝገብ ቤት ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ ወይዘሮ አበበች፣ «ይሄ ደብዳቤ ነው ወይስ ዕቃ?» አሉኝ።

«ናሙና ነው፣ እትዬ።»

«ናሙና የሚባል መዝገብ የለኝም። ደብዳቤ ከሆነ ቁጥርና ማህተም፣ ዕቃ ከሆነ የንብረት ክፍል ይፈርምበት።»

የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ቀፎ ከፍቶ ካየ በኋላ ንብረት አይደለም ብሎ በጽሑፍ አረጋገጠ። ስለዚህ ደብዳቤ ሆነ። ወይዘሮ አበበች ለሥራቸው ታማኝ ናቸው፤ በእያንዳንዱ የክብሪት ቀፎ ላይ ወጪ ቁጥር ሰጥተው የክልሉን አዲስ ማህተም አሳረፉበት። ከዚያ በፊት በእንዲህ ያለ ክብር የተሸኘ የቀበሮ ዓይነ ምድር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲያ ጥበቃው ጀመረ። ቆይብቻ ከተከራየሁት አንድ ክፍል ውስጥ አብሮኝ ገባ። ቢጠፋ ተጠያቂው እኔ ስለሆንኩ ከዓይኔ አለየውም፤ ቢሮም አብሮኝ ይሄዳል። ወንበር ስለማያስፈልገው ከሁላችንም ይልቅ በሥራ ገበታው የሚገኘው እሱ ነበር። የግራ ጫማዬን በላ። ለኃላፊያችን ተነስቶ ጅራቱን ይቆላል፤ እሳቸውም ሌላው ሠራተኛ የማይሰጣቸውን ክብር አግኝተው ነው መሰለኝ ደህና አደርክ ይሉት ጀመር። እኔማ ተሸንፌ ነበር። ዘመድ በሌለበት አገር ማታ በር ስትከፍት የሚደሰት ፍጡር ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ወር ያልኩት ሁለት ሆነ። ክረምት ገባና መንገዱ ተቆረጠ። ሦስት ሆነ። ዶክተሯን በስልክ ሳገኛት ናሙናው ውጭ አገር ተራ እየጠበቀ ነው አለችኝ። አባ ይመር በየገበያው ቀን በእግራቸው ይመጣሉ፤ ለቆይብቻ አጥንት በቅጠል ጠቅልለው ያመጣሉ፤ እሱ ሲላላሳቸው ዓይናቸውን ወደ ሌላ ያዞራሉ። በየሳምንቱ ይከሳሉ። የውሻቸው ናፍቆት ነው እያልኩ አዝናለሁ። «ወረቀቱ መጣ?» ይላሉ፤ «አልመጣም፣ አባ» እላለሁ፤ «አብሽር፣ ይመጣል» ብለው እኔን አጽናንተው ይመለሳሉ።

ችግሩ ግን ሌላ ነበር። ቆይብቻ ከመንደሩ ከወጣ ጀምሮ ከሐዋ ፍየሎች አንድም አልተነካም። አንድም! ሼህ ኢድሪስ ገበያ መሐል አግኝተውኝ፣ «ወረቀት ለምን? ፍየሉ ራሱ ወረቀት ነው። ውሻው ሄደ፣ ሞቱ ቆመ። ኻላስ፣ አለቀ» አሉኝ። አንድ ግልገል ብትሞትልኝ ብዬ የተመኘሁበትን ቀን አልደብቃችሁም፤ አፍሬ ነው የምናገረው። አንዷ ብቻ ብትበላ፣ ቆይብቻ ከተማ ታስሮ ሳለ ያለቀች ግልገል ከየትኛውም ላብራቶሪ በላይ ትመሰክርለት ነበር። የሐዋ ፍየሎች ግን አምሮባቸው፣ ወፍረው፣ ወልደው ይዘላሉ። ቀስ በቀስ እኔም ጠረጠርኩት። ጫማዬን የበላ ግልገል ለምን አይበላም? ክፍሌ ውስጥ ፊት ለፊቴ ቁጭ ሲል «እውነቱን ንገረኝ፣ በልተሃል?» እለዋለሁ። እጄን ይልሳል። ያ እጅ ደግሞ ነገ ገመድ ይዞ የሚጎትተው እጅ ነው። እንቅልፍ አጣሁ።

በአምስተኛው ወር ፖስታው መጣ። እዚያው ብከፍተው ደስ ባለኝ፤ ግን ፈራሁ። ቆይብቻን በገመድ ይዤ፣ ፖስታውን በደረት ኪሴ አድርጌ፣ ቀኝ እግሬን በጫማ ግራዬን በሸራ ጫማ፣ ወደ መንደሩ ሄድኩ። ማንጎው ሥር ሁሉም ተሰብስቧል። አባ ይመር ቆመዋል። ቆይብቻ አይቷቸው ገመዱን ሊበጥሰው ደረሰ፤ ሼህ ኢድሪስ ግን እጃቸውን አነሱ፤ መጀመሪያ ወረቀቱ። ውሻውን ከግንዱ ጋር አሰርኩትና ፖስታውን ቀደድኩ።

«ቁጥር አንድ፣ ቀበሮ» ብዬ አነበብኩ። «ቁጥር ሁለት፣ ቀበሮ። ቁጥር ሦስት፣ ቀበሮ።» «ቁጥር አራት...» አቆምኩ።

«ምንድን ነው? አንብብ!»

«ሰው» አልኩ።

«የማን ሰው?» አሉ ሼህ ኢድሪስ። የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ በስህተት ጣታቸውን ጨምረው ነው ብዬ ባስረዳም ሰዉ አላመነኝም፤ ይልቅስ በአራት እግሬ ስሄድ ያዩኝን እያስታወሱ እርስ በርስ ተያዩ። ቶሎ ወደ አምስት አለፍኩ። አምስትና ስድስት ቀበሮ። ያ ያኮራኝ ሰባተኛ የዝንጀሮ ሆኖ ተገኘ። ዶክተሯ ከታች በእጇ ጨምራለች፦ ቀበሮዎቹ ሁለት ናቸው፣ አንድ ወንድና አንድ ሴት፤ በሦስቱ ናሙና ውስጥ የፍየል ፀጉር ተገኝቷል፤ ከውሻው ፀጉር ጋር የሚመሳሰል ግን አንድም የለም። ተኩላ ባለመኖሩ አዝናለች። እኔ ግን ከደስታዬ ብዛት ዝንጀሮውንም አቅፌ ብስመው ደስ ይለኝ ነበር።

«ነጻ ነው!» አልኩ። ሰፋሪዎቹ እልል አሉ።

ሼህ ኢድሪስ አልተንቀሳቀሱም። «ወረቀቱን ሰማን» አሉ። «እሺ፣ ቀበሮ በላ። ያ ቀበሮ አልሞተም። ውሻው ሲሄድ ቀበሮው ለምን መብላት ተወ? ይሄን ወረቀቱ ይላል?»

ወረቀቱን ገለበጥኩ። ጀርባው ባዶ ነው። ምናልባት ክረምቱ፣ ምናልባት ሌላ አገር ሄደው ብዬ ስንተባተብ እልልታው በረደ። ቆይብቻ ግንዱ ሥር ሆኖ ያለቅሳል። ያን ጊዜ ሐዋ ተነሳች።

«ቀበሮው አልተወም» አለች። «አባ ይመር ነው። ውሻው የሄደ ቀን ጀምሮ፣ ፀሐይ ሲወጣ እዚያ ነው፣ ፀሐይ ሲገባ እዚያ ነው። ዱላ ይዞ፣ ሰው በማያይበት በኩል፣ ፍየሉ ጋ ይቆማል። ዝናብ መጣ፣ ቆመ። እኔን አትናገር አለኝ። ‹ለውሻው ብሎ ነው ይላሉ› አለኝ። አሁን ግን እናገራለሁ።»

ሁሉም ወደ አባ ይመር ዞረ። ሲሰርቁ እንደተያዙ ሁሉ ፎጣቸውን ያፍተለትላሉ። የከሱት ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ አምስት ወር ሙሉ በዝናብ ቆመው ነበር።

«ቀበሮ አይተሃል?» አሉ ሼህ ኢድሪስ።

«አይቻለሁ። ሁለት ናቸው፤ ይመጣሉ፣ አባርራቸዋለሁ። ግን አየሁ ብል ማን ያምነኛል? የውሻው ባለቤት ነኝ።»

«መስኪን!» አሉ ሼህ ኢድሪስ። «አንድ ቀን ብቻ ቤትህ ብትተኛ፣ ቀበሮው አንድ ግልገል ይበላል። ያን ጊዜ እኔ ራሴ ውሻው ነጻ ነው፣ አምጡት እል ነበር። ይሄን አላወቅህም?»

«አውቃለሁ እንጂ» አሉ አባ ይመር። «ታዲያ ግልገሏ ምን አጠፋች?»

ሼህ ኢድሪስ ውሻ ሲያልፍ ልብሳቸውን የሚሰበስቡ፣ ከነካቸው ደግሞ ወንዝ ወርደው የሚታጠቡ ሰው ናቸው። ተነሱ። ጀለቢያቸውን በግራ እጃቸው ወደ ላይ ሰብስበው ወደ ግንዱ ሄዱ። ቆይብቻ እየዘለለ እጃቸውን ሲልሰው አልሸሹም። ቋጠሮውን ራሳቸው ፈቱትና ገመዱን በአባ ይመር እጅ ላይ አደረጉ።